ከታች የቆረጥኩት መስመር

የስፖርት ጋዜጠኛው አቶ ደግፌ መንገሻ ጎፋ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል። ያረፉት ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈር ልጆች ከመስኮታቸው ሥር ኳስ ሲጫወቱ ነው። በሕመማቸው ወቅት ልጆቹን ከዚያ ሊያባርር የወጣ ጎረቤት ነበረ፤ እርሳቸው ግን «ተዋቸው፣ ውጤቱን ሳልሰማ አልተኛም» ብለው ከለከሉት። የልጆቹ ጩኸት እስከ መጨረሻው አብሯቸው ነበር። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግሥቱ በሀና ማርያም ተፈጽሟል።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ላይ ነበራችሁ። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ጥሩ አነበብክ» ብላችሁ እጄን የጨበጣችሁኝ አላችሁ፤ እኔም ጭብጨባ እንደሚገባው ሰው ራሴን እየነቀነቅኩ ተቀበልኳችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ንባብ ነው፤ የምጽፈውም አፍሬ ነው። ባነበብኩት ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። የጎደለውም እኔ ስለቆረጥኩት ነው። ማን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ግን ጋሽ ደግፌ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ያደረግኩት ነገር ክብደቱ አይታወቅም።

ጋሽ ደግፌን ያወቅኳቸው ጋዜጣው ቤት፣ የስፖርት ዴስክ ውስጥ ጀማሪ ሆኜ ስገባ ነው። ከረቫት አያስሩም፤ ሸሚዛቸው ግን ሁልጊዜ እስከ ላይኛው ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚታየው። ስታዲየም ሲገቡ ለጋዜጠኞች የተለየውን ቦታ ትተው ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ ይቀመጣሉ። እዚያ ፀሐዩም ዝናቡም ያገኛቸዋል፣ አሰልጣኞች ይቆጧቸዋል፣ ደጋፊ ለዳኛው ብሎ የወረወረው የውሃ ፕላስቲክ እርሳቸው ላይ ያርፋል። ለምን እዚያ እንደሚቀመጡ ስጠይቃቸው «ሜዳ ላይ ያሉትን ከየትም ታያቸዋለህ። ያልገቡትን ግን ካልተጠጋህ አታያቸውም» አሉኝ።

የመጀመሪያዬን የጨዋታ ዘገባ ጽፌ ሳቀርብላቸው ኮርቼ ነበር። ሰማዩን፣ ደመናውን፣ የደጋፊውን ጭፈራ፣ ምን የቀረ ነገር ነበረ፣ ሁሉንም አስገብቼበታለሁ። ቀስ ብለው አነበቡትና ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሦስት ቁጥሩ ማን ነው?» አሉኝ።

«የትኛው ሦስት ቁጥር?»

«ከእንግዶቹ ወገን፤ በግራ በኩል የተሰለፈው። ሙሉውን ጨዋታ ፊትህ ሲሮጥ የዋለው ልጅ።»

ስሙን እንደማላውቅ ነገርኳቸው። አያይዤም ጎል አላገባም፣ ካርድም አላየም አልኩ፤ ይህ ማሳበቢያ ይሆነኛል ብዬ ነው።

«ቤቱ ሲገባ ‹የት ዋልክ?› ይሉታል» አሉ። «ተጫወትኩ ይላል። ጋዜጣው ላይ ግን የለም። አውቶቡሳቸው ገና አልወጣም፤ ሂድ።»

ሄድኩ። ልጁ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ ነበር። ስሙን ከነአባቱ ነገረኝ፤ በትክክል መጻፌን ለማየት አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። ወደ ቢሮ ስመለስ ጋሽ ደግፌ የእኔን ሰማይና ደመና ሰርዘው ለስሙ ቦታ አዘጋጅተውለት አገኘሁ። ቅር አለኝ። ቅሬታዬንም አልደበቅኩም፤ እርሳቸውም አላባበሉኝም።

ለማያውቅ አንባቢ የሙያችንን አንድ ልማድ ላስረዳ። ጋዜጣ ላይ ጽሑፍ ሲረዝም የሚቆረጠው ከታች ነው። ዋናው ነገር፣ ማለትም ውጤቱ፣ ከላይ ይጻፋል፤ ሌላው ወደ ታች ይወርዳል። ማስታወቂያ ገብቶ ቦታ ሲጠብ ገጹን የሚያቀናብረው ሰው ምን እንደሆነ ሳያነበው እንኳ ከታች ይቆርጣል። ይህን የታችኛውን ክፍል ጭራ እንለዋለን። ጋሽ ደግፌ የተቀያሪዎቹን፣ የወጌሻውን፣ የመስመር ዳኞቹንና ጎል ያላገቡትን ሁሉ ስም የሚያሰፍሩት ጭራው ላይ ነበር። ስለዚህ የሥራ ዘመናቸው ያለፈው ከመቀስ ጋር ሲጣሉ ነው።

ገጽ አቀናባሪያችንን ከኋላው ቆመው «ከላይ ቁረጥ» ሲሉት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። «ከላይ ያለው እኔ ነኝ፤ ለማሳመር የጻፍኩት ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ናቸው።» አንድ ቀን ዋና አዘጋጁ ሰምተው ተበሳጩ። «ደግፌ፣ አንባቢ እኮ የሚያነበው መጀመሪያውን ነው» አሉ።

«የተጫዋቹ እናት ግን መጨረሻውን ነው የምታነበው» አሉ ጋሽ ደግፌ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። በዚያ ሳምንት ጽሑፋቸው ያለ መግቢያ፣ በቀጥታ ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ወጣ። ደውሎ የጠየቀ አንባቢ አልነበረም።

እናት ያሉት ለክርክር ያህል አልነበረም። ጎፋ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ድንች የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ተቀያሪ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ገብቶ ኳስ ሳይነካ ፊሽካው ተነፋ። ስሙ ግን በጋሽ ደግፌ ጽሑፍ ጭራ ላይ ወጣ። እናቱ ያቺን ቁራጭ ጋዜጣ በፕላስቲክ ሸፍነው ከሚዛናቸው በላይ ቆርቆሮው ላይ ለጥፈዋታል። ማንበብ ስለማይችሉ ፊደል የቆጠረ የሚመስል ደንበኛ ሲመጣ «እስቲ አንብቡልኝ» ይላሉ። አንድ ቅዳሜ ከጋሽ ደግፌ ጋር እዚያ ቆምን። ሴትየዋ ጠየቋቸው፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው የጻፉትን ነገር እንደ እንግዳ አነበቡላቸው፤ የልጁን ስም ከነአባቱ ረገጥ አድርገው። ከዚያ ሽንኩርታቸውን አስመዝነው ሄድን። መንገድ ላይ «የጻፍኩት እኔ ነኝ ለምን አላሏቸውም?» አልኳቸው።

«ታዲያ ወሬው የእኔ ይሆናላ» አሉ።

ሰውዬው ጻድቅ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ግትር ነበሩ። አንድ ስም ለማጣራት ብለው ገጽ ያስዘገዩ ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል፣ እኛ እንሰደባለን። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋሉ። አለቃ ሲናገር ወደ መስኮት ነው የሚያዩት። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል አንድም ቀን የዴስክ ኃላፊ ሳይሆኑ ጡረታ የወጡት። ከእርሳቸው የተማርኩት እኔ ግን የዚህ መጽሔት የስፖርት ዴስክ ኃላፊ ሆንኩ። እርሳቸውም «ከተቀያሪ ወንበር» የምትባለዋን አምድ ይጽፉልኝ ጀመር፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በዚያች አምድ ነው። ስም ያልወጣላቸውን፣ ጉልበታቸው ተጎድቶ የቀሩትን፣ የላፍቶንና የብስራተ ገብርኤልን የሰፈር ቡድኖች የሚጽፍ ሌላ ሰው አልነበረም።

አሁን ሙና ጋ ደረስኩ።

ሙና ከድር የጎረቤታቸው የወይዘሮ ፋጡማ ልጅ ናት። ወይዘሮ ፋጡማ ከስልጤ መጥተው ጎፋ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፍተው ይኖሩ ነበር፤ ባለቤታቸው ከድር ቀድመው ሞተዋል። እርሳቸውም ታመው ሲያርፉ ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ሰፈሩ ተሰብስቦ ማን ይውሰዳት እያለ ሲመክር፣ የጋሽ ደግፌ ባለቤት እትዬ አስካለ ልጅቷን አዝለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ምክሩ በዚያው አለቀ። እትዬ አስካለ ለሙና ድስት ለይተው ገዙ፤ ሥጋዋ ከሐጂ ኑሪ ቤት ይመጣላታል። ሐጂ ኑሪ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁርአን ያስተማሯትም እርሳቸው ናቸው። የጋሽ ደግፌ ወንድ ልጅ ናትናኤልና ሙና በአንድ ቤት፣ እየተጣሉም እየታረቁም አደጉ።

ትምህርት ቤት ሊያስመዘግቧት የሄዱ ቀን የሆነውን ጋሽ ደግፌ ራሳቸው አጫውተውኛል። ርዕሰ መምህሩ የአባት ስም የሚለው ላይ ሲደርሱ «ለአሠራርም እንዲመች ሙና ደግፌ ብለን እንያዘው?» ይላሉ።

«አባቷ ከድር ነው የሚባለው» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ሞተ እንጂ አልተሻረም። እኔ ስም እጽፋለሁ እንጂ አልቀይርም።»

«እርስዎስ ታዲያ ምኗ ነዎት?»

«እኔማ አባቷ ነኝ።»

ርዕሰ መምህሩ ግራ ተጋብተው ብዕራቸውን እንዳነሱ ቀሩ፤ ጋሽ ደግፌ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር። ሁለቱም እውነት መሆናቸው ለእርሳቸው ምንም የሚያጋጭ ነገር አልነበረውም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ደከመ። ሜዳው ይታያቸዋል፤ ማን ኳሱን እንደያዘ ግን አይለዩም። ሌላ ሰው ቢሆን ከቴሌቪዥንም ከወሬም ለቃቅሞ ይጽፍ ነበር፤ ሲያደርጉት አይቻለሁ። ጋሽ ደግፌ ግን ሙናን ይዘው መሄድ ጀመሩ። ያኔ እርሷ ፋርማሲ ውስጥ ሥራ ይዛለች፤ እረፍቷ እሑድ ብቻ ነው። እሑዷን ሰጠቻቸው። ላፍቶ ሜዳ ዳር ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። «አሁን አሥር ቁጥሩ ይዟል… አሳለፈ… አይ፣ ወሰዱበት» ትላቸዋለች። «ማን ወሰደበት?» «አምስት ቁጥሩ።» «ስሙስ?» «ቆይ ጋሼ፣ ሲያልቅ እጠይቀዋለሁ።» ማታ እርሳቸው ይናገራሉ፣ እርሷ በኮምፒውተር ትጽፋለች። በዚያን ጊዜ ከወጡት ጽሑፎቻቸው ሥር፣ ከሁሉም ግርጌ፣ አንዲት አጭር መስመር ነበረች፦ «ዓይን፦ ሙና ከድር።»

አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ገባብኝና ያቺን መስመር አወጣኋት። መጽሔቱ በወጣበት ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«ኤፍሬም፣ ዓይኔ የት ሄደ?» አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። «እኔን አይደለም» ብለው ስልኩን ለሙና ሰጧት። እርሷም አፍራ «ኧረ ምንም አይደል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መስመሯን ነክቻት አላውቅም። ገጹ ሲጠብ ፎቶ አሳንስ ነበር፣ ርዕስ አሳጥር ነበር፣ እርሷን ግን አልነካም። ይህንን ከእርሳቸው የወረስኩት ጨዋነት አድርጌ አስበው ነበር፤ ለጀማሪዎችም እየጠራሁ አወራላቸው ነበር። ጨዋነት ሳይሆን የስልኩ ፍርሃት እንደነበረ ያወቅኩት በቀብሩ ቀን ነው።

የቀብሩ ቀን ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ የሕይወት ታሪካቸውን የያዙ ወረቀቶች ሰጡኝ። እትዬ አስካለና ናትናኤል እየተናገሩ የጻፈችው ሙና ናት፤ ዓይኗ አብጦ ነበር። ንጹሕ ጽሑፍ ነበር። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ሠሩ፣ ምንም ያልተጋነነ። ለእኔ ግን ደረቅ ሆነብኝ። እንደዚያ ያለ ሰው እንዲህ አይሸኝም ብዬ ጥግ ይዤ መግቢያ ጻፍኩለት። «የሀገራችን ስፖርት ታላቅ ምሰሶውን ተነጠቀ» ይላል። ብዕር አለበት፣ የማይነጥፍ ምንጭ አለበት፣ የተዘጋ መጽሐፍ አለበት። ጋሽ ደግፌ ቢያዩት በአንድ ጊዜ የሚሰርዙት ዓይነት ነው።

ጸሎቱ አልቆ ልጀምር ስል የእድሩ ሰብሳቢ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ወንድም ኤፍሬም፣ ደመናው መጥቷል፤ ሌላም ለቀስተኛ ከደጅ እየጠበቀ ነው። ትንሽ አሳጥራት እባክህ።»

«ችግር የለም» አልኩ። ደግሞም ችግር አልነበረም፤ ማሳጠር ሥራዬ ነው። እጄ የሚያውቀውን አደረገ። ከወረቀቶቹ የመጨረሻውን፣ ጥቂት መስመር ብቻ የነበረበትን፣ ሳላነበው አጥፌ ኮት ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ መግቢያዬን በሙሉ፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ፣ ድምፄን እየሞረድኩ አነበብኩ። የሚያለቅስ ሰው ሲበዛ ደስ አለኝ፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

በእጄ የቀረው ወረቀት የሚያበቃው «ከወይዘሮ አስካለ ጋር ትዳር መሥርተው ናትናኤል የተባለ ልጅ ወልደዋል» በሚለው ላይ ነበር። ንባቡ በድንገት እንዳይቆም ብዬ ከራሴ ጨመርኩና «ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነበሩ» ብዬ ዘጋሁት። ሙና ከፊቴ ነበረች። በአንድ እጇ እትዬ አስካለን ደግፋለች፣ በሌላው ፎቶአቸውን ይዛለች። አየኋት፤ ግን ያየሁት የምታለቅስ ልጅ ነው። ከቃሌ ጋር አላገናኘኋትም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሐጂ ኑሪ አጠገብ ተቀመጥኩ። ንፍሮው ዞረ፣ ውሃ ዞረ። ሐጂ ኑሪ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ተጠንቅቀው «ልጄ» አሉኝ፤ «ሙናን ምነው ተዋችኋት? የአባቷ ስም ከድር ስለሆነ ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። የታጠፈውን ወረቀት ገልጬ አነበብኩ። ምን እንደሚል መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ራሷን የት እንዳስቀመጠች ግን አሁኑኑ እወቁልኝ፤ ከሁሉም በታች፣ ጭራው ላይ። ከማን እንደተማረችው ግልጽ ነው።

ለሐጂ ኑሪ ምን ብዬ ልመልስ? አይደለም፣ በሃይማኖቷ አይደለም አልኳቸው። እርሳቸውም በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳላመኑኝ ግን ያስታውቅ ነበር። ያን ዕለት ብዙ ሰው እንደ እርሳቸው ሳይጠይቀኝ እንደዚያ አስቦ ቤቱ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሳሰላስለው የባሰ የሚያሳፍረኝ እውነቱ ነው። ሐጂ የጠረጠሩት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አስቤባት ነበር ማለት ነው። እኔ ጭራሽ አላሰብኳትም። መግቢያዬ እንዲቀርልኝ ብዬ ከታች ቆረጥኩ፣ ከታች ያለችው ደግሞ ሰው ነበረች።

ሙናን ድንኳኑ ጀርባ ብርጭቆ ስታጥብ አገኘኋት። ወረቀቱን በእጄ ይዣለሁ። ምን እንደምል አልተዘጋጀሁም።

«ሙና፣ አላነበብኩትም። ሳላነበው ነው ያጠፍኩት» አልኳት።

«አይቼሃለሁ» አለችኝ። ብርጭቆውን ማለቅለቋን አላቆመችም። «ስታጥፈው አይቻለሁ፣ ጋሽ ኤፍሬም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ የቱ ወረቀት ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ።»

«ሰው የሚያስበው…»

«ሲጠይቁኝ ዝናቡ ነው አልኳቸው። ዝናብ መጣና ቸኮለ አልኳቸው። አንተን እንዳይቀየሙህ።»

ይህንን ስትል ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የተቆረጠችው እርሷ፣ ለእኔ የምትከላከልልኝም እርሷ። ብርጭቆዎቹን ደፍታ ጨርሳ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«ጋሼ ቢሆኑ ግን» አለች፣ «ከላይ ነበር የሚቆርጡት።»

ውሃ የያዘ ጆግ አንስታ ወደ ድንኳኑ ገባች፤ እንግዶቹን ታስተናግድ ጀመር። እኔም ተከትያት ገባሁ። አሁን ተነሥቼ እናገራለሁ፣ በሰው ሁሉ ፊት አነበዋለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ተነሣሁም። ሰዎች የምሄድ መስሏቸው መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዱም «እግዜር ይስጥልን፣ ጥሩ አነበብክ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታዬን ከበር ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

«ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔ ልጄን አውቃታለሁ» አሉ። «ያልሰማው ሰው አለ፣ አጣሞ የሰማውም አለ፤ ለእነሱ ንገር። መጽሔት አለህ አይደል?»

«ለአርባው እጽፈዋለሁ» አልኳቸው።

«ስትጽፍ ደግሞ አሳደጉ ብቻ ብለህ እንዳትተወው። እሷ ዓይን አፋር ናት፤ እንደ ውለታ አድርጋ ነው የጻፈችው። ልጃቸው ናት በል።» «ከላይ የራስህን ወሬ አታብዛ» ብለውም ጨመሩ። አልሳቁም፤ እኔም አልሳቅኩም። ሻይ ተቀዳልኝ፤ ሙናም መጥታ እንደ ወትሮው ሰላም አለችኝ። ሰላምታዋ ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ።

ስወጣ ወደ ሐጂ ኑሪ ቤት ጎራ አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሙያውን ልማድ፣ የመግቢያዬን ነገር፣ ኪሴን። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «እንዲህ ከሆነ» አሉኝ፣ «ክፉ ሰው አይደለህም፤ ግን ችኩል ነህ። በል ጻፈው፤ እኔም ለሰዎቹ አስነብባቸዋለሁ።» ከዚህ የበለጠ ምሕረት አልጠበቅኩም፤ ይህችም ብዙ ናት።

ይህ ጽሑፍ ሌላ መግቢያ ነበረው። ስለ መጀመሪያ ትውውቃችን፣ እኔ እንዴት ያለ ተስፋ የሚጣልበት ወጣት እንደነበርኩ፣ ስለ ጋዜጠኝነት ክብር የሚያወራ ነበር። ምክትሌ ዛሬ ጠዋት መጥታ «ረዝሟል፣ ማስታወቂያ ገብቷል፣ ከግርጌው ትንሽ ላንሳ?» አለችኝ። ከላይ አንሺ አልኳት። ስለዚህ በቀጥታ ከዕረፍታቸው ዜና መጀመሩ ለምን እንደሆነ እወቁልኝ። አሁንም የቀረው ሊበዛ ይችላል፤ ቢጠብብሽ የእኔን ቁረጪ፣ ግርጌውን ግን እንዳትነኪ ብያታለሁ።

ጋሽ ደግፌ፣ እርስዎ ሁሉንም ሰው በስሙ ከነአባቱ ጻፉ፤ እርስዎን ልሸኝ የቆምኩት ተማሪዎ ግን ከቤትዎ ሰው አጎደልኩ። በሕይወት ሳሉ ያቺን መስመር ስጠብቅ የኖርኩት ስልክዎን ፈርቼ ነበር። የሚደውል ሰው በሌለበት የመጀመሪያ ቀን ቆረጥኳት። መጽሔቱ በሚወጣበት ጠዋት ሁሉ አሁንም ስልኬን አያለሁ፤ ሳይጮኽ ይውላል። ዝምታው ይቅር እንዳሉኝ ይሁን ወይም እንደታዘቡኝ አላውቅም። ይቅርታ የምጠይቀውም እርስዎን ብቻ አይደለም፤ ያኔ ስልኩን ለማን እንዳቀበሉ አልረሳሁም። ከእንግዲህ ሳይደውሉልኝም ከላይ እቆርጣለሁ። በሰላም ይረፉ።

በኪሴ የቀረው ወረቀት ላይ ሙና የጻፈችው ይህ ነው፦ «ከዚህም ሌላ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ባረፉ ጊዜ ልጃቸውን ሙና ከድርን ወስደው አሳድገዋል።»

እትዬ አስካለ ያስጨመሩት ደግሞ ይህ ነው፦ ልጃቸው ናት።